እትዬ ለክቡር እንግዳው የሰጠችው ሰላምታ

ለክቡር የግመል ዝርያ ማሻሻያ ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ
ስብሰባ ላይ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሪባን ተቆርጦለት ስለተወሰደው ግልገልና ወተቷን ስለያዘችው እናቱ

ክቡርነትዎ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ ጤና፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ጤና፣ ለቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ ጤና፣ እንዲሁም በመጠበቂያ ክፍልዎ ጥግ ቆመው ጸሐፊዎ ባስታወሰቻቸው ቁጥር ውሃ ለምታጠጣቸው የፕላስቲክ አበቦች ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እኔም፣ ክቡርነትዎ ምስጋና ይግባዎትና፣ ከወገቤ፣ ከደም ግፊቴና ከንዴቴ በቀር ደኅና ነኝ።

መልኬን ባያውቁትም ሳሌን ሳያውቁት አይቀሩም። ከበርዎ አጠገብ ባለችው፣ አንድ እግሯ ባጠረው ወንበር ላይ እየተንገዳገድኩ፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የያዘውን የ«ሻምፒዮን»ን ፎቶግራፍ ሳይ የከረምኩት ሴት እኔ ነኝ። ሻምፒዮን ማለት ክቡርነትዎ ከባሕር ማዶ ያስመጡት፣ ወለሉ ሴራሚክ በሆነ ክፍል ውስጥ የሚኖረው ዝነኛ አውራ ግመል መሆኑን ለማያውቁት ስል እጨምራለሁ፤ ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ሌላ ሰው ማንበቡ አይቀርምና።

ስለ ራሴ ብዙ የምናገረው የለኝም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዕድሜዬን የጨረስኩት በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ የአለቆቼን ደብዳቤ በታይፕ በመምታት ነው። «ጉዳዩ በመጣራት ላይ ይገኛል» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ዓይኔን ጨፍኜ መጻፍ እችላለሁ፤ ጉዳይ ሲያጣራ የተገኘ ሰው ግን በአገልግሎት ዘመኔ ሁሉ አላጋጠመኝም። ስለሆነም ከክቡርነትዎ ቢሮ ይህችው ዓረፍተ ነገር ደጋግማ ስትደርሰኝ እንደ ድሮ የሥራ ባልደረባዬ ናፍቆት እንጂ ቅሬታ አልተሰማኝም። ጡረታ ስወጣ ከታላቅ እህቴ ጋር ሆነን አንዲት ግመል ገዛን። ጓደኞቼ ሳቁብኝ፤ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተጸጸትኩም። አካሄዷ ሠርግ እንደረፈደባትና ያለ እሷ እንደማይጀመር እንደምታውቅ ወይዘሮ ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» ይላታል። የምንኖረው በእሷ ወተት ነው። እህቴ ደግሞ፣ እትዬ ልትወልድ ጥቂት ሲቀራት ወድቃ፣ ዳሌዋን ከተሰበረችና አልጋ ከያዘች ወዲህ ከእትዬ ወተት በቀር ሌላ ነገር ሆዷ እሺ አይልም። ይህንን ዓረፍተ ነገር ክቡርነትዎ ቢቻል ሁለት ጊዜ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ፤ ደብዳቤው የተጻፈው ስለ እሱ ነውና።

እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ደረጃ ክቡርነትዎ ራስዎ በመኪና ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ወደ ሰፈራችን መጥተው፣ ግመሎቻችን ኋላቀር መሆናቸውን ግመሎቻችን በተሰበሰቡበት ስለነገሩን አመሰግናለሁ። ከዚያ በፊት አናውቅም ነበር። መፍትሔውንም አብረው ይዘው ነበር የመጡት። ወጣቱ የእንስሳት ሐኪምዎ እንዳስረዳን ነገሩ እንዲህ ነው፦ ምርጥ የተባለች ግመል ከምርጥ አውራ ፀንሳ አንድ ሳምንት ሲሆናት ፅንሱ ከማኅፀኗ በጥንቃቄ ታጥቦ ይወጣና ተራ በምትባል ግመል ማኅፀን ውስጥ ይቀመጣል። ተራዋ ዓመት ከወር ተሸክማ ትወልዳለች፤ ምርጧ ደግሞ ያለ ድካም ሌላ ትፀንሳለች። እንዲህ ያለ የሥራ ክፍፍል ለእኔ እንግዳ አልነበረም፤ አለቃዬ የፀነሰውን ሐሳብ ተሸክሜ የወለድኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

አልቀልድም፣ ሐኪሙን ወደድኩት። እጁን አሽቶ ሳያሞቅ እትዬን ነክቷት አያውቅም፤ ያልገባንን ጥያቄ ደጋግመን ስንጠይቀው አንድ ጊዜም ፊቱ አልተቀየረም። ምርጧ ግመል የእርስዎ «ልዕልት»፣ አባቱ ሻምፒዮን፣ ተሸካሚዋ የእኛ እትዬ ልትሆን ተስማማን። የሚወለደው ግልገል የማን ይሆናል ብለው ከኋላ የጠየቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ክቡርነትዎ በዚያው ድምፅ ማጉያ «የእናንተው ነዋ! እኛ የምንፈልገው እናንተ ስትለወጡ ማየት ብቻ ነው» ብለው ሲመልሱላቸው ያጨበጨብነው ጭብጨባ እስካሁን እጄን ያመኛል።

፪. እትዬ ለዝግጅት ማዕከሉ ውስጥ እንድትቆይ ሲታዘዝ በክብር ስለተቀበላችኋት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። «የተቀባይ ግመሎች ማረፊያ» የሚል፣ በሁለት ዓይነት ቀለም የተጻፈ ያማረ ሰሌዳ ተሰቅሎላት ነበር። ሰሌዳው የተሰቀለው በባሻ በረት ላይ መሆኑ ደግሞ ትንሽ ነገር ናት። ባሻ የማዕከሉን ውሃ በጋሪ የሚያመላልሰው ሽማግሌ ግመል ነው፤ የቧንቧችሁ ውሃ ቧንቧው ራሱ በተመረቀ ማግስት ስለጠፋ፣ ከሰፈራችን ቦኖ እየተቀዳ ለማዕከሉ የሚደርሰው ውሃ ሁሉ፣ ክቡርነትዎ ሻይ የሚጠጡበት ጭምር፣ በባሻ ጉልበት የሚመጣ ነው። የታችኛው ከንፈሩ ወደ ግራ ተንጋዷል፤ አንዱ ጆሮው ወደ ፊት ታጥፎ ቀርቷል። ሰሌዳው ሲሰቀል ባሻን ከበረቱ የማውጣት ሥራ የየትኛው ክፍል እንደሆነ ስላልተወሰነ አልወጣም። ለእትዬ ደግሞ ማኅፀኗ ለፅንሱ እንዲዘጋጅ የተሰጣት መርፌ ነበረ። ከዚህ በላይ መዘርዘር ጨዋነት አይደለም።

፫. የልዕልት ፅንስ በእንግዶች ፊት ወደ እትዬ ማኅፀን ስለሚገባበት የምረቃ በዓል መራዘም። ሐኪሙ ፅንሱ ከወጣ በኋላ በረዶ ውስጥ አስቀምጠውት ምሳ በልተው የሚመለሱበት ነገር እንዳልሆነ፣ የሁለቱ ግመሎች ማኅፀን ቀን ለቀን መናበብ እንዳለበት አስረድቶዎት ነበር። ክቡርነትዎ ግን ከሁለቱ ማኅፀን ይልቅ የክቡር እንግዳውን ቀጠሮ ማስቀደምዎ የአስተዳደር ችሎታዎን ያሳያል። መጀመሪያ እንግዳው ጉንፋን ያዛቸው። ቀጥሎ የድንኳኑ ቀለም ከመሥሪያ ቤቱ ዓርማ ጋር አልሄደም ተባለ። ከዚያ ጋዜጠኞቹ መኪና አጡ። የልዕልት የመጀመሪያ ፅንስ ጉንፋኑን ሲጠብቅ ሞተ፤ ነፍሱን ይማር። እትዬ ግን እነዚያን ሳምንታት በሙሉ በማረፊያዋ ውስጥ ከባሻ ጋር አርፋለች።

፬. ከምረቃው በዓል በኋላ ስለተደረገው የሻይ ግብዣ ምንም ቅሬታ የለኝም፤ አልተጠራሁም።

፭. ስለ በዓሉ ራሱ ግን ጥቂት ማለት ይገባኛል፤ ምክንያቱም የእትዬን ገመድ የያዝኩት እኔ ነበርኩና ከክቡር እንግዳው ይልቅ ቅርብ ቦታ ደርሶኝ ነበር። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ፋንድያው ላይ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ሪባኑ ከቋሚ ወደ ቋሚ ተወጥሯል። የመጀመሪያውን ሪባን እትዬ ስለበላችው ሌላ እስኪመጣ ንግግሩ ረዘም ማለቱን ያስታውሳሉ። ክቡርነትዎ ስለ ነገው ትውልድ ግመል ሲናገሩ ባሻ የእንግዶቹን የእጅ መታጠቢያ ውሃ እየጎተተ በድንኳኑ ጀርባ አለፈ። እትዬ ዞር ብላ አየችውና ጅራቷን ሽቅብ ቀጥ አድርጋ አነሳች።

ክቡርነትዎ፣ ሴት ግመል አውራ ሲቀርባት ጅራቷን እንደዚያ ቀጥ አድርጋ ካነሳች እርጉዝ ናት ማለት ነው፤ «አልፈልግህም፣ ጉዳዬ አልቋል» ማለቷ ነው። ይህን ግመል ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ የእርስዎም ማዕከል በመግቢያው በር ላይ በለጠፈው ትምህርታዊ ሥዕል ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። የመድረክ መሪዎ ግን ማይክሮፎኑን ጨብጠው «እትዬ ክቡር እንግዳችንን ሰላም እያለቻቸው ነው!» ሲሉ አዳራሹ፣ ይቅርታ፣ ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። ክቡር እንግዳው ከወንበራቸው ብድግ ብለው እጃቸውን በማንሳት አጸፋውን መለሱ። በዛፉ ጥላ ሥር የቆሙት ባለ ግመሎች ሆዳቸውን ይዘው መሬት ላይ ሲቀመጡ ክቡርነትዎ ለካሜራው «ሕዝቡ በደስታ ራሱን መቆጣጠር አቅቶታል» አሉ። በዚህ አባባልዎ ላይ እርማት የለኝም።

እኔም «ኧረ ይህች ነገር...» ብዬ አፌን ስከፍት የፕሮቶኮሉ ሰውዬ ገመዱን ብቻ እንድይዝ በዓይኑ ገሠጸኝ። ሐኪሙ እስከ ትከሻው የሚደርስ ጓንቱን አጠለቀ፤ እጁን አሞቀ፤ መረመራት፤ ቆመ። አልትራሳውንዱን አስጠግቶ እንደገና አየ። ከዚያ ወደ ክቡርነትዎ ጠጋ ብሎ፣ እኔ በገመዱ ርቀት ላይ ስለነበርኩ ቃል በቃል ሰማሁት፣ «ጌታዬ፣ ይህች ግመል አርግዛለች፤ ሳምንታት አልፏታል። ፅንሱን ማስገባት አይቻልም፣ በሆዷ ያለውንም ልናስወርዳት እንችላለን» አለዎት። እርስዎም ጥርስዎን ለካሜራው እንደከፈቱ «እንግዶቹ ተቀምጠዋል። ቀጥል» አሉት። ያን ጊዜ ልጁ ያደረገውን እስክሞት አልረሳውም። ፅንሱ ያለበትን ቱቦ በሳጥኑ ውስጥ ተወውና ባዶ ቱቦ አነሳ። ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ የሠራ መሰለ፤ በሆዷ ያለውን አልነካባትም። ሪባኑ ተቆረጠ። የልዕልት ሁለተኛ ፅንስ የክብር እንግዶች ጠረጴዛ ላይ፣ በለስላሳ ጠርሙሶች መካከል፣ የመዝጊያ ንግግሩን ሲያዳምጥ ሞተ።

ለሐኪሙ ስላደረጉለት እድገትም አመሰግናለሁ። በማግስቱ በግመል ማኅፀን ላይ ያለው ከፍተኛ ልምድ ታይቶ ወደ ዶሮ እርባታ መዛወሩን ሰምቻለሁ።

፮. ዓመት ከወሩ ሞልቶ እትዬ በግቢያችን ወለደች። የታችኛው ከንፈሩ ወደ ግራ የተንጋደደ፣ አንዱ ጆሮው ወደ ፊት የታጠፈ፣ የቀረው ሁሉ የሚያምር ወንድ ግልገል ነው። እህቴ በመስኮት አይታው ከወደቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብላ ሳቀችና «የባሻ ልጅ! ይህስ ጋሪው ብቻ ነው የቀረው» አለች። ማሙሽ አልነው። ወተቱ ቤቱን ሞላው፤ ከደንበኞቻችን ተርፎ ጎረቤት ጠጣ። እህቴ ትራስ ተደግፋ መቀመጥ ጀመረች።

ደስታችን ብዙም ሳይቆይ ክቡርነትዎ በጭነት መኪናና በካሜራ ታጅበው መጡ። ማሙሽን «ግኝት አንድ» ብለው ሰየሙት፤ ጆሮው ላይ፣ ያውም የታጠፈው ጆሮው ላይ፣ ቢጫ ቁጥር ሰኩበት፤ ደሙ የማዕከሉ ስለሆነ የማዕከሉ ንብረት ነው ብለው ጫኑት። ያኔ በድምፅ ማጉያ የሰጡትን ቃል ሳስታውስዎት «ያ የቅስቀሳ ንግግር ነበር» አሉኝ። ሰው በወሬው በሬ ሲያስወልድ ሰምቼ አውቃለሁ፤ በማኅተምና በካሜራ የሚያስወልድ መሥሪያ ቤት ግን የመጀመሪያዬ ነው። እትዬ መኪናውን እስከ አስፋልቱ ድረስ እየጮኸች ተከተለችው፤ እኔ ደግሞ እሷን ተከትዬ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ መንገድ ላይ ስሮጥና ሳለቅስ ሰው አይቶኛል። ስለዚህኛው ልለግጥ ብሞክርም አልቻልኩም።

፯. ግመል እንደ ላም አይደለችም። ግልገሏን አጠገቧ ካላየችውና ካላሸተተችው ወተቷን ትይዛለች፤ በልመናም፣ በቁጣም፣ በመመሪያም አትለቅም። ይህንን ለማመልከት ቢሮዎ ብመላለስ፣ በመጨረሻ ሳይንሳዊ ምላሽ ላኩልኝ። በአራት ሰው ሸክም የመጣው ምላሽ ማዕከሉ ሻምፒዮንን ለማዳቀያ ሲያለማምድበት የኖረው፣ ቆዳ የለበሰ የእንጨት ግመል ነበር። ይህንን አጠገቧ ብታቆሙላት ግልገሏ የመጣ ይመስላታል ተባልን። ክቡርነትዎ፣ እትዬ ምርጥ ዘር ባትሆንም ዓይንና አፍንጫ አላት። የእንጨቱን ግመል ከላይ እስከ ታች አሸተተችው፤ የሻምፒዮንን ወሬ በሙሉ ከቆዳው ላይ ሳታነብ አልቀረችም፤ ዞራ ረዘም ላለ ጊዜ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ በአንድ ርግጫ የኋላ እግሩን ለየችው። አሁን ጎረቤቴ ልብስ ታሰጣበታለች። ማዕከላችሁ እስካሁን ለሰፈሩ ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ ጠቃሚው እሱ ስለሆነ እንዳይወስዱብን አደራ እላለሁ።

ማሙሽንም እንዴት እንደያዛችሁት ሰምቻለሁ። ከሻምፒዮን ቀጥሎ ባለው ሴራሚክ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጡጦውን አልጠባም ብሎ የጎን አጥንቱ እየተቆጠረ ነው። መላው ጠፍቷችሁ የእትዬን ጩኸት በስልክ ቀድታችሁ በድምፅ ማጉያ ታሰሙታላችሁ። ግልገሉ ወደ ድምፅ ማጉያው እየሄደ ጨርቁን ይጠባል አሉ። ይህን የነገረኝ ሰው የእርስዎ ሠራተኛ ነው፤ ሲነግረኝ ፊቱን አዞረ። ስሙን አልጽፍልዎትም፤ ዶሮ እርባታው ሊሞላ ነው።

እህቴ ደግሞ እንደዚህ ሆናለች። ጠዋት ጠዋት ከእትዬ ጡት ተለምና የመጣችውን ጠብታ በኩባያ እሰጣታለሁ። ታየውና ሳትቀምሰው «ጠገብኩ፣ አንቺ ጠጪው» ብላ ትመልስልኛለች። አንድ ሰው ሳይበላ ጠገብኩ ሲለኝ ብዙ ዘመን የኖርኩበት የቢሮ ጨዋነት ሁሉ ይጠፋብኛል። ትራሷን ትታ እንደገና መጋደም ጀምራለች።

፰. «ግልገሉ የአንቺ ግመልና የባሻ መሆኑን በምን ታረጋግጪያለሽ?» ብለው በጸሐፊዎ በኩል ስለጠየቁኝ ጥያቄ። ከንፈሩን ቢያዩት እላለሁ። ከንፈር ማስረጃ አይሆንም ካሉ ደግሞ የዘር መመርመሪያ መሣሪያ አላችሁ፤ እሱም ሪባን ተቆርጦለታል። ከነካርቶኑ በመጠበቂያ ክፍልዎ ውስጥ ጋዜጣና አመድ መጣያ ተቀምጦበት አይቼዋለሁ፤ ለብዙ ቀናት ክርኔን ያሳረፍኩት እሱ ላይ ነውና በጣም ጠንካራ ዕቃ መሆኑን እመሰክራለሁ። ከካርቶኑ ቢወጣና ቢጠየቅ እሱም ባሻን ይጠራል። ክቡርነትዎም ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ግልገሉን የማይመልሱልኝ የማዕከሉ ነው ብለው ስለሚያምኑ አይደለም፤ አንዴ ስለተመረቀ ነው። የተመረቀ ነገር ስህተት ሊሆን አይችልም። ዓይኑን በጨው ያልታጠበ ሰው እንዲህ ያለ አቋም ላይ መጽናት እንደማይችል ስለምረዳ ጽናትዎን አደንቃለሁ።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ካሳ አልጠይቅም፤ ይቅርታም አልጠብቅም። ክብርዎንም አልነካብዎትም፤ ስሙ «ግኝት አንድ» ሆኖ ይቀጥል፤ ቢጫ ቁጥሩን ጆሮው ላይ አድርጎ ይኑር፤ ፎቶግራፉ ከሻምፒዮን ጎን ይሰቀል፤ ለሚመጡ እንግዶች ሁሉ የልዕልት ልጅ ነው ይበሏቸው። እናቱ ግን ታሸተው። እትዬ ጨርሳ ከመድረቋ በፊት፣ እህቴም «ጠገብኩ» ማለቱን ሳትለምደው፣ ልጁን ይመልሱልን። ለሐኪሙም፣ ከዶሮዎቹ መካከል ይህን ካነበበው፣ በዚያን ዕለት በባዶ ቱቦ ስላተረፈልን ነፍስ እትዬ፣ እህቴና እኔ ከልብ እናመሰግነዋለን። ይኼኛው ምስጋና የምር ነው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ዘላቂ ሥልጣን፣ የማይቋረጥ ሪባንና በሰዓቱ የሚመጣ እንግዳ እየተመኘሁ፣ በትሕትና እጅ ነስቼ፣ ከበርዎ አጠገብ ካለችው አንካሳ ወንበር ላይ ለመጨረሻ ጊዜ እነሣለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
የቀድሞዋ ጸሐፊ፣ የአሁኗ ወተት ሻጭ፣ የእትዬ ገመድ ያዥ

ግልባጭ፦
ለክቡር እንግዳው፣ ለእጃቸው አጸፋ ከምስጋና ጋር
ለሻምፒዮን፣ በአባትነት ስም መነገጃ መሆኑን እንዲያውቀው
ለባሻ፣ ማንበብ ባይችልም ጉዳዩ በቀጥታ ስለሚመለከተው

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ሳበቃ ውጭ ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። ባሻ እንደ ልማዱ ባዶ በርሜሉን እየጎተተ ወደ ቦኖው መጥቷል። ከጋሪው ኋላ፣ ቢጫ ቁጥሩን ጆሮው ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ማሙሽ ነበር። ደም ሳበው ብዬ አልመጻደቅም፤ ግልገል ከፊቱ የሚራመድ ትልቅ ግመል ካየ ይከተላል፤ ከማዕከላችሁ በዚያ ሰዓት ወደ አንድ ቦታ የሚራመድ ከአባቱ በቀር ማንም አልነበረም። የሴራሚኩን ክፍል በር ማን እንደከፈተለት አልጠየቅኩም፤ ጋሪ ነጂው የእርስዎ ዘበኛ መሆኑን አውቃለሁ፤ የሥራ ድርሻው ግን በበሩ የሚገባውን መቆጣጠር እንጂ የሚወጣውን ዞሮ ማየት ስላልሆነ ምንም አላየም።

እትዬ ጩኸቷ ሰፈሩን ቀሰቀሰው። አሁን ይህን ስጽፍ ልጇ በሁለቱ ጡቶቿ ላይ፣ እኔ በሁለቱ ላይ ሆነን ቀኑን ውለናል። ወተቱ መጀመሪያ በጠብታ፣ ከዚያ በክር፣ ከዚያ እንደ ድሮው ወረደ። እህቴ ኩባያዋን ጨርሳ «ድገሚኝ» አለች።

ልመናዬ ያለ እርስዎ ስለተፈጸመ ደብዳቤውን ልቀደው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ይህን ያህል ገጽ ከጻፍኩ በኋላ ምስጋናዬን ማባከን አልፈለግኩም። ግልገሉን መልሰው ለመውሰድ ከመጡ በራችን ክፍት ነው፤ ምንጣፉን፣ ካሜራውንና ክቡር እንግዳውን ይዘው ይምጡ፤ ገመዱን እንደ ልማዴ እኔ እይዛለሁ፤ እርስዎም የክብር ቦታውን ከእትዬ በስተኋላ ያገኛሉ። በዚያ ቆመው ጅራቷን ስታነሳ ካዩ ግን በዚህ ጊዜ እርጉዝ አለመሆኗን አስቀድሜ ልንገርዎት። ግመል ጅራቷን የምታነሳበት ሌላም ምክንያት አላት፤ እርስዎ እንደ ሰላምታ ይቀበሉት።